ከሥራ ማዘዣው ላይ ስለ ጎደለችው «ቸ»

ለተከበሩ የመኪና ጥገና ማዕከሉ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ አንድ አሮጌ ሳጥን እንዲመለስልኝ ስለ መጠየቅ

ክቡር ሆይ፦

በቅድሚያ ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎና በሥርዎ ለሚተዳደሩት ሠራተኞች ሁሉ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ጤናዎ የተሟላ፣ ወገብዎ ከሕመም የራቀ፣ የተቀመጡበትም ወንበር ባሻዎት ጊዜ ወደፊትና ወደኋላ የሚልልዎ እንደሚሆን ተስፋዬ ነው። እስካሁን የጻፍሁልዎት አራት ደብዳቤዎች «ደርሷል» የሚል ማኅተም ተመትቶባቸው ቅጂያቸው ስለተመለሰልኝ፣ የደረሱት ከእርስዎ ጠረጴዛ ይሁን ከሌላ ሰው ጠረጴዛ ባላውቅም፣ መድረሳቸውን አልጠራጠርም። ይህን አምስተኛውን በጋዜጣ ማውጣቴ እርስዎን ለማሳጣት ሳይሆን፣ ፖስታ በመክፈት የሚባክነውን ጊዜዎን ለመቆጠብ ነው።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት ስለ ራሴ የሰማሁትን አንድ ወሬ ላርም። ከደብዳቤዎቼ ተነሥቶ በደንበኞች ማረፊያ ክፍልዎ የዞረ ወሬ ሰፈሬ ድረስ መጥቶ፣ ፀጉር የምትሠራኝ ልጅ በጆሮዬ አንሾካሽካ ነገረችኝ። «እኚያ ሴትዮ የሞቱት ባላቸው መኪናው ወንበር ውስጥ አሉ ይላሉ» ይባላል አሉ። ይህ ስሕተት ነው። ባለቤቴ የት እንዳሉ ጠንቅቄ አውቃለሁ። ከአሥራ አራት ወር በፊት እዚያ ሲያኖሯቸው ቆሜ አይቻለሁ፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጸውንም ጽሑፍ ከመቀረጹ በፊት ሁለት ጊዜ ያረምሁት እኔ ነኝ። እኔ ያልሁት ወንበሩ ላይ ቦታቸው አለ ነው። ሰው ሌላ፣ የሰው ቦታ ሌላ ነው። ሰውየው ሄደው ቦታቸው ሊቀር ይችላል፤ ቀርቶም ነበር። ድርጅትዎ ግን ቸርነት በዝቶበት ቦታቸውንም ከኋላቸው ላከላቸው። የዚህ ደብዳቤ ነገር ይኸው ነው።

ማን እንደሆንሁ ካልነገሯችሁ ልንገራችሁ። ሠላሳ አንድ ዓመት በማተሚያ ቤት አራሚ ነበርሁ። ሌሎች የጻፉትን ከመታተሙ በፊት ፊደል በፊደል እያነበብሁ የጎደለውን እሞላለሁ፣ የተረፈውን እሰርዛለሁ። ከዚያም በፊት በተማርሁበት ትምህርት ቤት አንዲት ፊደል የሳተ ልጅ የሳታትን ብቻ ሰርዞ አያልፍም ነበር፤ ገጹን ከራስጌው ጀምሮ እንደገና ይጽፋል፣ መምህራችንም እስኪጨርስ ድረስ ከራሱ ላይ ቆመው ይጠብቁታል። እንዲህ ያለ አስተዳደግ ለጎረቤት አይመችም፤ የሱቅ ሰሌዳ እያነበብሁ መንገድ ላይ ስለምቆም አብሮኝ መሄድ የሚወድ ሰው ጥቂት ነው። ከጥቂቶቹ አንዱ ባለቤቴ ነበሩ። እኔ ሰሌዳውን ጨርሼ እስክመለስ ድረስ እጃቸውን ወደኋላ አጣምረው ይጠብቁኝና፣ «ዛሬስ ስንት ቆሰሉ?» ይሉኝ ነበር።

ባለቤቴ ሹፌር ነበሩ። ለሃያ ሁለት ዓመት የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊን ያመላለሱት እናንተ ዘንድ በመጣችው በዚያችው መኪና ነው። ዛሬ አርጅታ ቀለሟ ደበዘዘ እንጂ በጊዜዋ ባለጠጎች ቆመው የሚያይዋት መኪና ነበረች። ወንበሮቿ በእጅ እየተገፉ ሳይሆን በኤሌክትሪክ ይሄዳሉ። በሹፌሩ በር ላይ ደግሞ አንድና ሁለት የሚል ቁጥር የተጻፈባቸው ሁለት ትናንሽ ቁልፎች አሉ፤ አንዱን የተጫነ እንደሆነ ወንበሩ የዚያን ሰው ልክ አስታውሶ በራሱ ወደዚያ ይሄዳል። መኪናዋ አዲስ ሆና በመጣችበት ቀን ኃላፊው ከኋላ እየተደላደሉ፣ «ቁጥር አንድ የአንተ ነው፤ እኔ እንደሆነ ፊት አልቀመጥም» አሏቸው። ይህን ማታ እራት ላይ ሲነግሩኝ እንደ ሹመት ነበር የነገሩኝ።

ባለቤቴ ረጅም ሰው ነበሩ፤ ግራ ጉልበታቸው በወጣትነታቸው ከጭነት መኪና ወድቀው የተጎዳ ስለነበር ሙሉ በሙሉ አይታጠፍም። ልካቸውን ለማግኘት ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። ጥቂት ወደኋላ፣ ጥቂት ከፍ፣ ጀርባው ዘንበል፣ እንደገና ትንሽ ቀና። ካገኙት በኋላ ግን ቁጥር አንድን ተጭነው አስቀመጡትና እስከ መጨረሻው ቀናቸው ጥፍር ታህል አላናወጡትም።

ጡረታ ሲወጡ መሥሪያ ቤቱ መኪናዋን ለእርሳቸው ለቀቀላቸው፤ ቁጥር ሁለትን ደግሞ እርሳቸው ለእኔ ሰጡኝ። በስድሳ አንድ ዓመቴ መንዳት ያስተማሩኝ እርሳቸው ናቸው። አጭር ስለሆንሁ እግሬ ፍሬኑ ጋ እንዲደርስ ወንበሩ መሪውን ሊነካ ምንም እስከማይቀረው ድረስ ወደፊት መምጣት አለበት፤ ከእርሳቸው ቦታ ተነሥቶ ወደ እኔ ቦታ እያጓራ ሲመጣ ውጭ ቆመው ይመለከቱና፣ «ስንቅ ይዘሽለታል?» ይሉ ነበር።

አሁን ክቡርነትዎ ልብ እንዲሉልኝ የምፈልገው አንድ የሰዋስው ጉዳይ አለ። ሹፌርን ሰው ሁሉ «አንተ» ይለዋል። ኃላፊው «አንተ» ይሏቸው ነበር፤ የኃላፊው ልጆችም፣ ገና አፋቸውን በቅጡ ያልፈቱት ጭምር፣ «አንተ፣ በሩን ክፈትልን» ይሏቸው ነበር፤ በልጅነታቸው ያዘሏቸው ጎረምሶች የየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ቆመው «አንተ፣ መኪናውን አንሣ» ይሏቸው ነበር። እኔ ግን ከተጋባንበት ቀን ጀምሮ ለአርባ ስድስት ዓመት «እርሳቸው» ያልኋቸውን ሰው በሌላ ስም ጠርቼ አላውቅም። እርሳቸውም ይህን ያውቁ ስለነበር፣ ማታ ጫማቸውን እያወለቁ፣ «ውጭ አንድ ሰው ነኝ፤ ቤቴ ስገባ ብዙ እሆናለሁ» እያሉ ይስቁ ነበር። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ፣ «እስቲ አንድ ቀን ‹አንተ› በዪኝ፤ ጎረምሳ ልሁን» ይሉኛል። እኔም፣ «ይደርሳል» እላቸዋለሁ። አልደረሰም።

ካረፉ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል መኪናዋን አልነዳኋትም። ባትሪዋ እንዳይሞት ጠዋት ጠዋት በሩን ከፍቼ፣ ውጭ እንደቆምሁ እጄን አስገብቼ፣ ሞተሩን አስነሣለሁ፤ ሩብ ሰዓት ጠብቄ አጠፋለሁ። ወንበሩ ላይ አልቀመጥም። ነገር ግን እርሳቸው ያሉበት ስፍራ ከከተማው ውጭ ነው፤ ሁለት አውቶቡስ ይወስዳል፤ ጉልበቴም እንደ ቀድሞው አይደለም። ስለዚህ አንድ ጠዋት ቁጥር ሁለትን ተጫንሁት።

ወንበሩ አጓራ። አንድ ስንዝር ያህል ወደፊት መጣ። ከዚያ ቀኝ ጎኑ ሲቀጥል ግራ ጎኑ ቀረና ተጣሞ ቆመ። አንድን ብጫን ሁለትን ብጫን አልሰማም አለ። ቦታው የእኔ አልሆነ፣ የእርሳቸውም አልሆነ። እንግዲህ ማንም ሳይከሰኝ በአደባባይ ልመን፤ መጀመሪያ ያስነሣኋቸው እኔ ነኝ። ይህን ለእናንተ አልተውሁላችሁም። ለእናንተ የማመሰግናችሁ ከዚያ በኋላ ስለተደረገው ነው፤ እርሱንም በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ የእንግዳ ተቀባይዎን ትጋት አመሰግናለሁ። በሥራ ማዘዣው ላይ ምን እንደምትጽፍ ስትጠይቀኝ፣ ቃል በቃል፣ «ወንበሩን ከጠገናችሁ በኋላ ቁጥር አንድን ተጭናችሁ ወደ ቦታቸው መልሱልኝ» አልኋት። ጣቶቿ ሳይቆሙ፣ «የማን ቦታ ነው ማዘር?» አለችኝ። «የባለቤቴ» አልሁ። «እሺ ማዘርዬ፤ መኪናውን የሚረከቡት እርሳቸው ናቸው?» አለች። «አይመጡም» አልኋት። ከዚህ በላይ መናገር ነበረብኝ፤ አልተናገርሁም፤ ከኋላዬ ሰባት ሰው ተሰልፎ ነበር፣ እኔም ተሰልፎ ለሚጠብቅ ሰው የቤቴን ነገር የምናገር ሴት አይደለሁም። ወረቀቱን ስታቀርብልኝ ሳላነበው ፈረምሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ሥራዬ ያላነበብሁት ገጽ በእጄ አላለፈም፤ በዚያች ሰዓት ግን መነጽሬ አላነበበልኝም፤ ምክንያቱን ለመግለጽ አልገደድም።

መኪናዋን ተረክቤ ቤቴ ከገባሁ በኋላ ሳነበው የተጻፈው፣ «ወንበሩ ተጠግኖ ወደ ቦታው ይመለስ» የሚል ነው። «ቸ» የለችም። እርስዎ ይህን አንዲት ፊደል ነው ብለው ያልፉት ይሆናል፤ መካኒክዎ ግን አላለፈውም፤ እንደተጻፈለት ነው የሠራው። «ቦታው» ማለት የወንበሩ ቦታ ነው፤ የወንበር ቦታ ደግሞ ፋብሪካው ያወጣለት መካከለኛው ቦታ ነው፤ በዚያ ላይ ማንም ሰው ተቀምጦበት አያውቅም። በነጋታው ሄጄ ልጅቷን ስጠይቃት ዓይኗን በቅንነት ከፍታ፣ «ውይ ማዘር፣ ወንበር እኮ አንቱ አይባልም፤ ተሳስተው መስሎኝ እኮ ያስተካከልኩልዎት» አለችኝ። በእርጅናዬ አራሚ አገኘሁ። ያስተማሯት ሰዎች ይመስገኑ፤ ሰውን ከዕቃ የምትለይ መሆኗን በማየቴ ደስ ብሎኛል፤ የቸገራት የትኛው የትኛው እንደሆነ መለየቱ ብቻ ነው። ባለቤቴ ዕድሜያቸውን ሙሉ ውጭ ሲነጠቁ የኖሩትን ክብር ከሞቱ በኋላ አንድ ጊዜ ልሰጥላቸው ብል፣ ያም በደግ ልብ ተሰረዘ። በልጅቷ አልተቀየምሁም። እንዲያውም ከመላው መሥሪያ ቤታችሁ ስለ ቃል የተጨነቀች እርሷ ብቻ ስለሆነች እንዳትቀጧት እለምናለሁ።

ሁለተኛ፦ የባለሙያዎችዎን ልበ ሰፊነት አመሰግናለሁ። በሰፈራችን ሬዲዮ የሚጠግኑ ሰው አሉ፤ የሞተ ነገር ሁሉ እጃቸው ላይ ስለሚነሣ ዶክተር እንላቸዋለን። መኪናዋን ከእናንተ ተረክቤ ከመጣሁ በኋላ ከወንበሩ ሥር በሆዳቸው ተኝተው በባትሪ መብራት ካዩ በኋላ የነገሩኝ እንዲህ ነው። ከወንበሩ ሥር ያለው ሞተር ሁለቱን ጎኖች የሚያንቀሳቅሰው በሁለት ቀጫጭን ተጠማዛዥ ገመዶች ነው፤ በእርጅና ብዛት የግራው ገመድ ከጎሬው ሾልኮ ወጥቶ ነበር፤ መልሶ መሰካት ብቻ በበቃው ነበር። ባለሙያዎችዎ ገመዱን ሰክተውታል፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን በዚያ ሳይወሰኑ፣ የወንበሩን እንቅስቃሴ የሚያዝዘውንና የሁለታችንን ልክ በውስጡ የያዘውን ሳጥን፣ «ለማንኛውም» ብለው አውጥተው በአዲስ ተኩት። «ለማንኛውም» የሚለው ቃል በሥራ ማዘዣው ላይ በባለሙያው እጅ ተጽፎ አለ፤ አንዲት ፊደል አልጎደለበትም። ዶክተሩ ይህን ሲያነቡ ከወንበሩ ሥር ሆነው፣ «እግሩ ወለም ያለውን ሰው አንጎሉን ቀየሩለት ማለት ነው?» አሉ። እኔ አልሳቅሁም፤ እርሳቸውም አለመሳቄን ሲያዩ ከሥር ለመውጣት ጊዜ ወሰዱ።

ሦስተኛ፦ ስላልጠየቅኋችሁ ቸርነት አመሰግናለሁ። ወንበሩ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቦታ በመቆሙ፣ የሚንሸራተትባቸው ብረቶች ላይ የአቧራና የዝገት መስመር ተሠርቶ እንደነበር፣ ሳጥኑ ቢጠፋ እንኳ ያ መስመር ልኩን ሊነግረን ይችል እንደነበር ዶክተሩ ነግረውኛል። ባለሙያዎችዎ ብረቶቹን በብሩሽ ፈግፍገው፣ በነዳጅ አጥበው፣ አዲስ ግራሶ ቀብተዋቸዋል። «ለነባር ደንበኞች በነጻ» የሚል ወረቀትም መሪው ላይ ተለጥፎ አገኘሁ። ንጹሕ ሆነዋል። እንዲህ ንጹሕ ብረት አይቼ አላውቅም።

አራተኛ፦ የእግር ምንጣፉን በአዲስ ስለቀየራችሁልኝ አመሰግናለሁ፤ በላዩ ላይ የድርጅታችሁ ስም በወርቅማ ክር ተጠልፏል። አሮጌው ምንጣፍ ከነዳጁና ከፍሬኑ መካከል፣ ቀኝ ተረከዛቸው በሚያርፍበት ስፍራ፣ የአውራ ጣት ራስ የምታህል ጉድጓድ ነበረችው። እግራቸው ከዚያች ሳትነሣ ወደ ቀኝና ወደ ግራ እያለች ሃያ ሁለት ዓመት ሠርታለች። ምንጣፉ የት እንዳለ ስጠይቅ አንድ ሠራተኛችሁ፣ «ያ የተቀደደው? ጣልነው እኮ፣ ያሳፍራል ብለን» አለኝ። ስለ እኔ ስላፈራችሁልኝ አመሰግናለሁ።

አምስተኛ፦ መኪናዋን ከተረከብሁ በኋላ ወንበሩን አይቼ ሦስት ቀን ተመላለስሁ። በሦስተኛው ቀን ረዳትዎ በስልክ አነጋገሩኝ። በትሕትና አዳመጡኝ፤ ሁሉን ነገርኋቸው ብዬ ነበር፤ ለካ አንዱን ሳልነግራቸው ቀርቻለሁ። ሲመልሱልኝ፣ «ማዘር፣ ይሄማ ምን ችግር አለው? ሰውየው አንድ ጊዜ ቁጭ ይበሉበትና ራሳቸው ያስተካክሉት፤ ሁለት ደቂቃ አይፈጅባቸውም» አሉኝ።

«እነግራቸዋለሁ» አልሁና ስልኩን ዘጋሁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ፣ «ውድ ደንበኛችን፣ የቀድሞው ማስታወሻ በተሳካ ሁኔታ ተሰርዟል፤ ስለ መረጡን እናመሰግናለን» የሚል መልእክት ከማዕከላችሁ በስልኬ ደረሰኝ። ስለ ዓረፍተ ነገሩ የማርመው የለኝም። ሥርዓተ ነጥቡም የተሟላ ነው።

ክቡር ሆይ፣ ይህን ሁሉ የዘረዘርሁት ካሣ ፈልጌ እንዳልሆነ በግልጽ ይታወቅልኝ። ይቅርታም አልጠይቅም፤ ይቅርታችሁን የት እንደማስቀምጠው አላውቅም። የምፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ከመኪናዬ የወጣውን አሮጌ ሳጥን። የመዳፍ ስፋት ያላት ጥቁር ሳጥን ናት፤ በጎኗ ላይ ባለቤቴ በነጭ ቀለም የጻፉት «1» አለባት፤ አንድ ጊዜ ለጽዳት ሲያወጧት እንዳትቀየርባቸው የጻፉት ነው። ዶክተሩ እንደነገሩኝ ሳጥኗ ጤነኛ ስለሆነች፣ መልሰው ቢሰኳት ያስታወሰችውን አትረሳም፤ ቁጥር አንድን ስንጫን ወንበሩ ከቆመበት ተነሥቶ ወደዚያው ይሄዳል። ልቀመጥበት አይደለም። እኔ ብቀመጥበት እግሬ ከወለሉ ጋር አይገናኝም። ቤቴ ደጃፍ ላይ በቆመችው መኪና ውስጥ እዚያ መሆኑን ማወቅ ብቻ ይበቃኛል፤ ልነዳ ስፈልግ ቁጥር ሁለትን ተጭኜ እመጣለሁ፣ ስጨርስ ቁጥር አንድን ተጭኜ ቦታቸውን እለቃለሁ። አብረን የኖርነው እንደዚህ ነው።

ሳጥኗ በእጃችሁ እንዳለች የማምነው ያለ ምክንያት አይደለም። የሥራ ማዘዣው ጀርባ፣ ማንም በማያነበው ትናንሽ ፊደል፣ በሰባተኛው ተራ ላይ፣ «ከተሽከርካሪው የወጡ ዕቃዎች ለስድሳ ቀን በመጋዘን ይጠበቃሉ፤ ባለንብረቱ ሲጠይቅ ይመለሱለታል» ይላል። እኔ አንብቤዋለሁ። መኪናዋን ከተረከብሁ ዛሬ ሃምሳ አንደኛ ቀኔ ነው። ዘጠኝ ቀን ቀርቶናል። በአራቱም ደብዳቤዎቼ የጠየቅሁት ይህንኑ ነው፤ በየደብዳቤው የቀኑ ቁጥር ብቻ ተለውጧል።

ሳጥኗን ለመስጠት የስብሰባ ውሳኔ፣ የኮሚቴ ቃለ ጉባኤ ወይም የበላይ አካል ፈቃድ የሚያስፈልግ እንደሆነ በትዕግሥት እጠብቃለሁ፤ ዘጠኝ ቀን ለትልቅ መሥሪያ ቤት አጭር፣ ለእኔ ግን ረጅም መሆኑን እረዳለሁ። ፈራሚ ከጠፋ እኔው እፈርማለሁ። ተሸካሚ ከጠፋም ሳጥኗ ከአንድ ዳቦ አትከብድም።

እንግዲህ ለነጻው ጽዳት፣ በክር ለተጠለፈው ምንጣፍ፣ ለተስተካከለው ሰዋስውና በተሳካ ሁኔታ ለተፈጸመው ስረዛ ያለኝን ምስጋና እንደገና እያረጋገጥሁ፣ የድርጅትዎ ሥራ እንዲሰፋ፣ የደንበኞችዎ ቁጥር እንዲበዛ፣ ከእነርሱም መካከል የሚያስታውሱት ነገር ያላቸው ጥቂት ብቻ እንዲሆኑ በመመኘት፣ ለእርስዎም ከወንበርዎ የማያስነሣ ረጅም ዕድሜ እለምናለሁ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የአሮጌዋ መኪና ባለንብረት፣ የሹፌሩ ባለቤት፣ ጡረተኛ አራሚ

ግልባጭ፦
ለእንግዳ መቀበያ ክፍል፣ እንዳትቀጡ የሚለው ብቻ ተነብቦ እንዲመለስ
ለረዳትዎ፣ መልእክታቸውን ለባለቤቴ ማድረሴን እንዲያውቁት
ለዕቃ መጋዘን፣ እንዲፈልጉልኝ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ፈርሜ ለጋዜጣው በሚላከው ፖስታ ውስጥ ካስገባሁ በኋላ ስልኬ ጮኸ። የመጋዘን ጠባቂዎ ናቸው፤ ድምፃቸው የእኔን ዕድሜ የሚያህል ሰው። አራቱም ደብዳቤዎቼ በስተመጨረሻ ወደ እርሳቸው እንደተመሩና አራቱንም ትናንት አንድ ላይ እንደተቀበሉ ነገሩኝ። ከዚያ፣ «እመቤቴ፣ ሳጥኗን አስታውሳታለሁ፤ ነጭ ቁጥር ነበረባት። የአሮጌ ብረት መኪና በዘጠነኛው ቀን ጭኖ ወሰዳት፤ እዚያ ወዲያው ነው የሚጨፈልቁት» አሉ። ስለ ስድሳው ቀን ብጠይቃቸው፣ «ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ እኛ ዘንድ በሚቀረው ቅጂ ጀርባው ባዶ ነው» አሉኝ። የመጀመሪያው ደብዳቤዬ «ደርሷል» የተባለው በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው። ስለዚህ አራት ጊዜ የለመንሁት፣ በዚህም አምስተኛ የለመንሁት ነገር፣ ከመጀመሪያውም አልነበረም። ክቡርነትዎ መልስ ከመጻፍ ድካም አርፈዋል፤ እንኳን ደስ አለዎት። ደብዳቤውን ግን አልቀደድሁትም፤ ከገጹ ራስጌ ጀምሬ እንደገናም አልጽፈውም። እንዳለ ይውጣ። አንድ ሰው ብቻ የሥራ ማዘዣውን ጀርባ ቢያነብ ይበቃኛል።

የመጋዘን ጠባቂውን አመስግኛለሁ፤ ይህኛው ምስጋና ምስጋና ነው። በስልኩ መጨረሻ ላይ፣ «ባለቤትዎ ቁመታቸው እንዴት ነበር?» ብለው ጠየቁኝ፤ በዚህ ሁሉ ወራት ይህን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። በቃል ልነግራቸው ስል እንደማላውቀው ተረዳሁ። ረጅም ናቸው ከማለት በቀር ቁጥሩን አላውቀውም። ከዚያ ማን እንደሚያውቀው ትዝ አለኝ።

ስለዚህ ነገ መጀመሪያ የማደርገው ይህ ነው። በጠዋት ተነሥቼ የሥራ ሱሪያቸውን ሃያ ሁለት ዓመት ወደ ሰፉላቸው ልብስ ሰፊ እሄዳለሁ። የቆዩ ደንበኞቻቸውን ልክ የሚጽፉበት ደብተር አላቸው፤ የሞተ ሰው ገጽ የሚገነጥሉ ሰው አይደሉም። ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ከጉልበት እስከ ቁርጭምጭሚት ያለውን እገለብጣለሁ፤ የግራና የቀኝ ለየብቻ፣ ምክንያቱም እኩል አልነበሩም። ሜትራቸውን ቢያውሱኝ እዋሳለሁ። ከዚያ ተመልሼ የመኪናዋን በር ከፍቼ ከፍሬኑ እስከ ወንበሩ ጀርባ እለካለሁ። ለማይታጠፈው ጉልበት ስንት እንደሚጨመር አላውቅም፤ እገምታለሁ። ጀርባው ምን ያህል ዘንበል እንደሚል አላውቅም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ከጎናቸው እንደተቀመጥሁ ትከሻቸው የት ይሆን እንደነበር እገምታለሁ። ወንበሩን እዚያ ካቆምሁት በኋላ እርሳቸው እንዳደረጉት ቁጥር አንድን ተጭኜ አስቀምጠዋለሁ።

ልክ አይሆንም። በግምት ይሆናል።